ሦስት ሰከንድ

ሰኞ ገበያ ነኝ፣ ከሰዓት ሠሪው ጎን፣
ቴሌቪዥን ስጠግን አርባ ዓመት ሊሆን።
ዛሬ ማታ ደግሞ፣ ከሕመሙ ድኖ፣
አንድ ሰፊ ስክሪን ግድግዳው ላይ ሆኖ፣
ይመር ብቅ አለበት፤ የእትዬ ዘምዘም ልጅ፣
ሽበቱን አበጥሮ፣ አበባ ይዞ በእጅ።
«የሠላሳ ዓመት የጥበብ ጉዞ»
ትላለች አቅራቢዋ፣ ካርድ እጇ ይዞ፤
መጀመሪያ ቲያትር፣ ቀጥሎ ድራማ፣
ከዚያ ትልቅ ሽልማት በትልቅ ከተማ፤
ዕድሜውን ደርድራ፣ ቁጥር እየጠራች፣
እንደ አስፋልት ዳር ድንጋይ ኪሎ ሜትር ቆጠረች።

እኔ ግን ስቆጥርለት በራሴ መስፈሪያ፣
በየዘመኑ መጥቶ በሞተው መሣሪያ፦

ጥቁርና ነጩ፣ ባለ እግሩ ሣጥን፣
በዳንቴል ሸፍነው የሚያኖሩት ቀን፣
ያኔ ይመር ነበር የሻይ ቤት አሳላፊ፣
በእሁድ ድራማ ላይ እንደ ነፋስ አላፊ።
«ሻይ ላምጣ?» ይላል፤ ጨርቁን ከትከሻው
ያነሳና ይዞራል። ይሄው ነው ድርሻው።
ሦስት ሰከንድ።

ደብዳቤ ላከልኝ፦ «ከዜናው በኋላ፣
እማ እንድታየኝ፣ አደራ በአላህ።»
ቅሬው ወንበር ሰጠ፣ ጎረቤት ተጠራ፣
እኔ ጣሪያ ወጣሁ አንቴና ላዞራ፤
ወደ ጦሳ ሲያይ ምስሉ ይጠራል፣
ጉም የወረደ እንደሁ በረዶ ያዘንባል።
ዜናው አለቀ። ማሲንቆ ተመታ።
የሻይ ቤቱ በር ገርበብ ሲል
መላውን ደሴ ጨለማ ዋጠው።

መብራት ኃይልን ያልሰደበ አልነበረም፤
እሷ ግን የጠፋው መስታወት ፊት ቁጭ ብላ
«አብሽሩ፣ ይመጣል» አለች ደጋግማ፣
መብራቱን ትሁን ልጇን አልገባኝም።
ሲመለስ ባንዲራው ይውለበለብ ነበር፣
ጣቢያው ሊዘጋ።

ባለቀለሙ መጣ፤ ይመርም ከፋ።
ባልቴት ከነልጇ ከቤት የሚገፋ
አከራይ ሆነና ቅዳሜ ቅዳሜ፣
ስንቱ ረገመው በጤናው በዕድሜ።
ኮምቦልቻ መናኸሪያ አንዲት ሴት በጃንጥላ
አናቱን አለችው፣ «ቤቷን መልስ!» ብላ።
ደወለልኝ፣ እየሳቀ፣ እብጠቱን እያሻሸ፦
«ዛሬ ተዋናይ ሆንኩ!»
ይህን አቅራቢዋ አታውቀውም፤
ካርዷ ላይ የለም።

በክፍል አርባ ሁለት መኪና ገጨው።
ሳላይሽ ላይ ወሬው «ይመር ሞተ» ብሎ ወጣ፤
ቅሬው ድንኳኑን ተሸክሞ መጣ።
በሱቄ ስልክ «እማ፣ አለሁ» ቢላት፣
«ታዲያ ምን ሊሆንህ ሞትክ? ብር ነው የጎደለህ?»
ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ሌላ ጊዜ ድንኳኑ በእውነት ተተከለ።
ለእሷ።
ሌሊቱን ነድቶ ደረሰ። አገሩ ዐይኑን
ከጀናዛው ነቅሎ እሱ ላይ ተከለ፤
ያለቅስ ይሆን? እንዴት ይሆን የሚያለቅሰው?
ልጆች ስልክ ደገኑ። አንዱም ከኋላዬ
«ሲያዝን እንኳ ያምርበታል» አለ።
ይመር ደረቀ። እንባ እምቢ አለው።
ሲመሽ ሱቄ ገባ። ቆለፍኩለት።
ዐይናቸው በጠፋ ሃያ ስክሪኖች መሀል፣
ማንም በማያይበት፣
የብየዳ ብረቴ እስኪቀዘቅዝ አለቀሰ።

አሁን ታዲያ ልጅቱ
«የመጀመሪያ ሚናህስ?» ስትለው፣
ሳቅ አለ ይመር፦ «አሳላፊ ነበርኩ።
እናቴ አይታኛለች፤ እሱ ይበቃኛል።»

አላየችህም፣ ይመር።
በማግስቱ ጠዋት ሱቄ ድረስ መጥታ
«አንተ ጣሪያ ላይ ነበርክ፤ ከፍ ብለህ ሳታይ አትቀርም፤
ምን አደረገ ልጄ?» ብትለኝ፣
የቆርቆሮ ክዳን እንደ ሰርቪስ ይዤ፣
አቧራ መጥረጊያዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣
ደብዳቤህ እንዳለው፣
«ሻይ ላምጣ?» አልኳት።
ጨርቁን አነሳሁ። ዞርኩ።

ቆይታ፣ ቆይታ፣
«ድገመው» አለች።
ሦስቴ ደገምኩት። ከዚያ «ጻፍለት» አለችኝ፤
«አየሁህ በልልኝ።
ከስተሃል በልልኝ።»