የውሰት ካርድ

ከሐይቁ ዳር፣ ከዋርካው ሥር፣ በኖራ የነጣ ቤት ነበር፤
በሩ ላይ ሰማያዊ ሰሌዳ፦ «የባህል ግንኙነት ማኅበር»።
ማኅበር ሲባል ጽዋ የለው፣ ዝክር የለው፣ ሙሴ የለው፣
ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ያገሩ መንግሥት ቀለብ የሚሰፍርለት ነው።

ቀን የምመታው እኔ ነበርኩ፤
በላስቲክ ማኅተም፣ በቀይ ቀለም፣
የሚመለስበትን ቀን እንጂ፣ የተወሰደበትን አልመታም።

ሚስ ዌልደን ኻያ ሣጥን መጽሐፍ አስጭነው የመጡ ለት፣
«ለምን መጡ?» አልኳቸው፣ ገመዱን እየቆረጥኩ በቢላ ስለት።
«እንድንተዋወቅ ነው» አሉኝ፤ አማርኛቸው እንደ አዲስ ጫማ ይጮኻል።
በልቤ ግን፦ ላንድ ትውውቅ፣ ኻያ ሣጥን ሙሉ ምን ያደርጋል?

የኛን ወንዝ በነሱ አትላስ አየሁት፤ ቀጭን ሰማያዊ ክር።
መስኮቱን ብንከፍት እኮ፣ ከሐይቁ ተነሥቶ ሲሄድ ይታይ ነበር።

ማክሰኞ ማታ ሲኒማ ነው፤ አንሶላ በሁለት ቀርከሃ ተወጥሮ፣
ጄኔሬተሩ እንደ ታመመ ሽማግሌ ሲያስል አምሽቶ፣ አድሮ፣
የባቡር ጣቢያ፣ የወተት ፋብሪካ፣ በረዶ የዋጠው ጓሮ።
ከጨርቃ ጨርቅ የወጡት ሠራተኞች፣ ብናኙ ከጠጉራቸው ሳይረግፍ፣
«ይኼማ የኛው ጥጥ ነው!» ብለው ሳቁ፤
ሳቃቸው ጉማሬ አስደነበረ፣ ከደንገሉ ጫፍ።
ሚስ ዌልደን «ተመልካች መቶ አርባ፤ አቀባበል እጅግ መልካም» ብለው ጻፉ።
ስለ ጥጡ የጻፉት የለም።
የኛ ነገር ከደጅ ቀረ፣ ከወረቀቱ ጠርዝ፣ ከዳር ከጫፉ።

ኑርሁሴን ታንኳ ሠሪ ነው፤ ፊደል አልቆጠረም።
እርጥብ እግሩን ደፉ ላይ ጠርጎ፣ ገብቶ ቆመ፤ አልተቀመጠም።
«የጀልባ ሥዕል አላችሁ?» አለ።
ደንቡ ማንበብ ለሚችል ብቻ ይላል።
እኔ ግን አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቼ፣ ካርዱ ላይ አሳረፍኩት፤
«ኅዳር ዐሥራ ሁለት፣ ስልሳ ዘጠኝ ትመልሳለህ» ብዬ፣ ቀኑን መታሁለት።

ኅዳር ሳይደርስ ደብዳቤ ደረሰ።
ሰሌዳው ወረደ፤ ቤቱ ለቀበሌ ተሰጠ፤
ልብ ወለድ ከነበረበት መደርደሪያ፣ የራሽን ስኳር ተቀመጠ።
ሚስ ዌልደን፣ መኪናው ተነሥቶ፣ እንደገና አስቁመው ወረዱና፣
ማኅተሙን እጄ ላይ አኖሩ፦ «ያልተመለሰ አለ እኮ ገና።»

ሐይቁ አልገረመውም።
በጎርጎራ ድንጋይ ጠርበው፣ ኖራ አቡክተው፣ መጽሐፍ ገልጠው የነበሩ፣
እነሱም ሊያስተምሩን ነበር። ግንቡን ሾላ ሰነጠቀው፤ ወፎች በላዩ ሰፈሩ።

ዘመን ዞረ። ማኅበሩ ተመለሰ አሉ፣ ግን እስከ አዲስ አበባ ድረስ።
ወደ እኛ የመጣው ፎርም ነው፤ አንድ ከረባት ያሰረ ጎረምሳ ይዞት ሲደርስ፦
«በሕይወትዎ ያመጣው ለውጥ? ከአንድ እስከ አምስት ያክብቡ።»
እስክሪብቶ ይዤ ቀረሁ፤ ቁጥሮቹ እንደ ዝንብ ከበቡ።

በዚያው ሳምንት ሰዓዳ መጣች፣ የኑርሁሴን ልጅ፤
በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አቅፋ፣ ቆመች ከኔ ደጅ።
«አባቴ ሊሞት ሲል፣ የሰው ነው፣ መልሺ ብሎኛል።»
መጽሐፉ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

ገለጥኩት።
ከያንዳንዱ መርከብ ጎን፣ በነጩ ጠርዝ፣ በከሰል ጭሮ፣
አፍንጫው ቀና ያለ ታንኳ፣ የደንገሉ እስር ተቆጥሮ፣
ባለ ሦስት ምሰሶው መርከብ ዘንድ እንደ እኩያ ተደርድሮ።
ሠላሳ ስምንት መርከብ፤ ሠላሳ ስምንት ታንኳ።
ኑርሁሴን ብቻውን ሲተዋወቅ ኖሯል ለካ።

ቅጣቱን አሰብኩ፤ በቀን አምስት ሳንቲም፣ ዐሥራ ሰባት ዓመት፤
ኅዳር ዐሥራ ሁለት ነው ዛሬም፤ ሰማንያ ስድስት።
ጳጉሜን ስድስት የሆነችባቸውን አራቱን ቀናት ጨምሬበት፣
ሦስት መቶ ዐሥር ብር ከአርባ አምስት።
ማን ነው ከፋዩ? ለማን?

ፎርሙን አጥፌ፣ ከመጽሐፉ መሀል ዕልባት አደረግሁት።
ማኅተሙን ከሣጥን አወጣሁ፤ ቀለሙ ደርቋል። መልሼ ከተትኩት።
«እንደገና ልውሰደው?» አለች።
ካርዱን ሰጠኋት።
ካባቷ ጣት ግርጌ ስሟን ራሷ ጻፈች።
ቀን አልመታሁባትም።