ምን አዲስ ነገር አለ?

ወንድሜ ከሐዋሳ፣ እሁድ ከሰዓት ደውሎ፣
«ድሬ እንዴት ናት?» አለኝ፣ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ብሎ።
«ምንም» አልኩት። «ሙቀት ነው። አባባም ደህና ነው። ምንም።»
ስልኩን ዘጋን። ቃሏ ግን ከምላሴ ላይ አልወረደችም፤
አላመጥኳት፣ አላመጥኳት፣ አልዋጥኳትም።

ያልነገርኩት ይሄ ነው፤ የሐሙስ ሌሊት ነገር።
ቤቱ እንደ ምድጃ ሲግል፣ እንደ ልማዳችን ከደጅ ልናድር
ፍራሻችንን ከኒሟ ሥር ጎትተን፣
አንሶላ የምንነክርበት ጠብታ እንኳ አጥተን።
ውሃ ከሄደ አሥራ አንድ ቀኑ፤ ጀሪካኑ ሁሉ ባዶ፣
አፉን ከፍቶ ተጋድሟል፣ እንደ እኛው ከደጅ ወርዶ።
ንፋስ የለ። ቅጠል ዝም። ከደቻቱ አሸዋ ማዶ
አንዲት ባጃጅ ብቻ አለፈች፣ ጥሩምባዋን ነፍታ፣
ለማን እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ደግሞ ጸጥታ።

ስምንት ሰዓት ይሆናል፣ ቧንቧው ጉሮሮውን ጠረገ፤
ዝገት ተፋ፣ አስነጠሰ፣ አንድ ነገር ሊል ፈለገ።
ከዚያ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽሽሽ የሚል ትንፋሽ፤
አባባ ብድግ! አንሶላው ወዲያ፣ ወዲህ ፍራሽ።

ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። ስሜን ከረሳ ቆይቷል፤
አንዳንዴ እህቱ ነኝ፣ አንዳንዴ ነርሷ፤ ምሳ በልቶ «ምሳስ?» ይላል።
ይቺን ድምፅ ግን አልረሳም።
«ገባ!» አለ። «ባቡሩ ገባ! ምን ያጋድማችኋል?
ፋኖሱን የያዘው የታል? ሰው እኮ ይጠብቃል!»
ኢፍቱ በቆርቆሮው አጥር «ውሃ! ውሃ መጣ አቦ!» ስትል፣
«አዎ፣ ከጅቡቲ ነው» አላት፣ «ሃያ ደቂቃ ዘግይቷል።»

«ተኛ አባባ፣ ቧንቧ ነው» ልለው አፌን ስከፍት፣
ሶስና ግን፣ በሰባት ዓመቷ፣ ከእኔ ይልቅ ገባትና
ኮፍያውን ከሚስማሩ አውርዳ፣ ራሱ ላይ ደፋችና፣
«ሼፍ፣ ፉርጎዎቹን ቁጠርልን» አለችው፤ በቃ።
ቆመ ቀጥ ብሎ፣ በውስጥ ሱሪ፣ በነጠላ ጫማ፣ በጨረቃ።

እኔ እሞላለሁ፣ እሷ ትከድናለች፣ እሱ ይቆጥራል፤
«አንድ ፉርጎ ሞላ። ሁለት ሞላ። ሦስተኛው ያፈሳል፣
ይጥበቅ ክዳኑ!» በፈረንሳይኛ ይሳደባል፣
ሶስና ቃል በቃል ትደግመዋለች፤ ጌታ ይቅር ይላታል።
አሥራ አራት ደረሰ፣ አንድም ሳያልፍበት፤
ሐኪም ቤት «እስከ አምስት ቁጠር» ተብሎ፣ ሦስት ላይ የጠፋበት።

የተረፈውን በጣሳ፣ አናቱ ላይ አፈሰስንበት።
ቀዝቃዛ አልነበረም፤ የድሬ ውሃ መቼም ለብ ያለ ነው፤
እሱ ግን «ኡፍፍ» ብሎ ሳቀ፣ ሳቁ ከየት እንደመጣ እሱ ይወቀው።
ጢሙ እየተንጠባጠበ፣ ቀና ብሎ አየኝ።
«ድሬ ነው የደረስነው?» ሲል ጠየቀኝ።
«ድሬ ነው፣ ደርሰናል።» «ታዲያ ማነው ሊቀበለኝ የመጣ?»
«እኔ» አልኩ። «እኔም» አለች ሶስና፣ የራሰ ቀሚሷን በአናቷ ስታወጣ።
ሁለታችንን ቃኘና፣ ስም አልጠራም፣ አልተሳሳተም፤
«ጎሽ» አለ። «ሰው አለኝ ማለት ነው። ብቻዬን አልወረድኩም።»

ከዚያ ተኛ። አንሶላውን ነክረን፣ ጣል አደረግንበት፤
ንፋስም ባይመጣ፣ እርጥቡ ጨርቅ ንፋስ ሆነለት።

ይህን በስልክ እንዴት ይሉታል? አንተም ሥራ አለብህ፤
«ባጃጅ ጮኸች፣ ቧንቧ አስነጠሰ፣ አባትህ ሳቀ» ልበልህ?
«ምንም» ያልኩህ አሥራ አራት ፉርጎ ነበር፣ እስከ አፉ የሞላ፤
ከእሱ ላይ እየቀነስን ነው የምንኖረው፣ እስኪመጣ ሌላ።

ከአሥራ አራቱ ዛሬ አራት ቀርቷል። ቧንቧው ዝም ብሏል።
ማታ አንድ ጣሳ ለኒሟ አጠጣኋት፣
የጥላዋ ብድር አለብን ብዬ።
ኢፍቱ በአጥሩ ቀዳዳ አየችኝና «አብደሻል አቦ!» አለችኝ፤
ልክ ሳትሆን አትቀርም። ዝም አልኳት፣ እንደ ቧንቧዬ።