መቀሱ የት ሄደ?

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከልብስ ሰፊው በላይ፣
አንዲት ጠባብ ክፍል፤ አራት ነን፣ ጎን ለጎን፣ የሰው ሠርግ የምናይ።
ኤሲው ያንጠባጥባል፣ ከሥሩ ባልዲ አለ፤
ሐምሌ ነው፤ መስኮቱ በላብ ተሸፍኖ መንገዱን ከለለ።

እኛ ተኝተን ሳለ ፕሮግራሙ ራሱን ሲያድስ አደረ፤
ጠዋት ስከፍተው፣ ፊቱ የሌላ ሰው ነበረ።
ግራጫው ጠቁሯል፣ ጥጉ ተከርክሟል፣
ፊደሉ ተነቅሎ ሥዕል ተተክሏል፤
ሰባት ዓመት ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ የማገኘው መቀስ
የለም፤
ጣቴ ብቻውን ሄዶ ባዶ ግድግዳ ሲዳስስ
ከላይ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል።
በገዛ ቤቴ እንግዳ መባሌ ይገርማል።

ሻጂ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ፤
በማላያላም ከወረደው ስድብ «አፕዴት» ብቻ ለእኔ ተፈታ።
ሱዳናዊው ሙዘሚል መነጽሩን ጠራርጎ፣
«ይለመዳል» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤
ካርቱም ላይ ቤቱ ከነዕቃው የጠፋበት ሰው፣
አንዲት ቁልፍ ብትሰደድ ምን ሊመስለው!
ሮዌና ግን ወደደችው። «ያምራል» አለች፤ «ለዓይን ይቀላል።»
እንደ ከሃዲ ዞረን አየናት። ምሳዋን ብቻዋን በላች፤ ይህ ዛሬም ያሳፍረኛል።

«የተጠቃሚዎችን አስተያየት ሰምተን» ይላል ማስታወቂያው፤
ማንን ጠይቀው ይሆን? ማነው ያ ተጠያቂው?

አመሻሽ ላይ መዲና መጣች፣ የከሚሴዋ፤
ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት ብቻ ናት የሳምንት ፈቃዷ።
የልጇ ሠርግ ነው፤ አርባ ቁራጭ፣ በየዘመዱ ስልክ የተቀዳ፣
ግማሹ የተዘቀዘቀ፣ ግማሹ የአንሺው ጣት ገብቶበት የተጎዳ።
«አባቷን ቁረጥልኝ» አለች። «ከሁሉም፣ ከየቦታው አውጣ።
ስታድግ ያልነበረ ሰው፣ ስትዳር ምን ሊያደርግ መጣ?»

መቁረጥ ሥራዬ ነው። ዋጋም ተቆርጧል፣ በደቂቃ ሃያ ድርሃም፤
እሷም ቆርጣለች፤ ፊቷ ላይ ጥርጥር የለም።
መቀሱ ብቻ የለም።

ሦስት ነጥብ ነካሁ፤ ሌላ ሦስት ነጥብ ወለደ፤
ምላጭ የመሰለውን ነካሁ፤ ሙዚቃው ጠፋ፣ የሙሽራዋ ፊት ሐምራዊ ሆኖ ሄደ።
ስባዝን ቪዲዮው በራሱ ይነጉዳል፤ ማቆሚያውም ቦታ ለውጧል፤
ሰውየው ይገባል፤ ኮቱ ሰፍቶታል፣ ከዘራ ይዟል፤
ከልጁ ፊት ቆሟል፣ የሚያደርገው ጠፍቶት፣
እጁ ወደ ራሷ ሄዶ፣ ተመልሶ፣ ደግሞ ሄዶ፣ የድሮ ቦታውን ፈልጎ አጥቶት።

«መልሰው» አለች። መለስኩ። አራት ጊዜ። አምስት።
«አርጅቷል» አለች ቀስ ብላ፣ ጣቷ ሻርፗን ሲጎትት።

ስለ መዘግየቴ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ አዲስ ነው አልኩ፤ ዕቃው ሁሉ ቦታ ለውጧል።
ሳቀች። «እመቤቲቱ ረመዳን ሲቃረብ ወጥ ቤቱን ታገላብጣለች፤ ጨው ከበር ኋላ ይሄዳል፣ ስኳር ከላይ ይሰቀላል፤
ሳምንት ሙሉ እጄ ጨው ብሎ ሄዶ ስኳር ይዞ ይመለሳል።
አንዴ ሾርባውን በስኳር ሠራሁት። ሽማግሌው እስኪያልቅ ጠጣ፤
‹ዛሬ እጅሽ ይጣፍጣል› አለኝ። ምስጢሩ ከአፌ አልወጣ።»

ስለ መቁረጡስ? ብዬ ጠየቅኋት። «ቆይ፣ ለሐሙስ» አለች፤
ሰዓቷ ደርሶ ነበር፤ ደረጃውን በሩጫ ወረደች።

መቀሱን ቅዳሜ አገኘሁት፣ ከሦስት መጋረጃ ጀርባ፤
ስሙንም ለውጠውታል፤ ወደ እኛ ቋንቋ ሲገባ
«ክፈል» ማለት ነው፤
ማካፈሉን ይሁን፣ ዕዳውን፣ የጻፈው ያውቃል የሚለው።

ሐሙስ ይመጣል። የሰውየው እጅ ስክሪኔ ላይ እንደቆመ ነው፤ ዝም ብሏል፤
የልጁን ራስ ለመንካት አንድ ጣት ያህል ቀርቶታል።
የእኔም ጣት፣ አዲሱን ቦታ እያወቀ፣
ወደ ግራ፣ ወደ ላይኛው ጥግ
እየሄደ ይመለሳል።