ሃያ ሁለት ቁልፍ

ቬሎ እባላለሁ፣ የሌሊት ዘበኛ፣
ዩኒቨርሲቲው ሲያሸልብ እኔ የማልተኛ።
ሃያ ሁለት ቁልፍ ወገቤ ላይ አለ፣
ከካፖርቴ ደረት አንድ ቁልፍ ጎደለ።

ታርቱ ላይ በረዶ ኮቴ ሳያሰማ
ሲወርድ አመሸና፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ
የእሳት ደወል ጮኸ። አምስቱም ፎቅ ሰማ።

ስንት ሰው እንዳደረ በውል ሳላውቅ ገና
በር በሩን ደበደብሁ፦ «ውጡ! እሳት ነውና!»
ደንቡ ግድግዳው ላይ በቀይ ተጽፏል፦
«ማንም ሰው ዕቃ አይያዝ።» ማን አንብቦት ያውቃል?

ኢምቢ ከምድር ቤት ሣጥን አቅፋ ወጣች፣
እንደ አራስ ሕፃን ሻርፗን አልብሳዋለች።
ሸረሪቶቿ ናቸው። አራት ክረምት ሙሉ
ድራቸውን በጥሳ «ከየት ይቀጥላሉ?»
ትላለች፤ እነሱም ገና አልመለሱ።

ካውፖ ተከተላት፤ ጫማውን በመርሳቱ
በረዶ ላይ ቆመ፣ በካልሲ፣ እንደ ቤቱ።
መዝገቡን ግን አልረሳም፣ ይኸው ከብብቱ፦
አንድ የሞተ ነጋዴ ስለ አጃ ዋጋ የጻፈው፣
ራቡን ማን ከማን ተበድሮ እንዳለፈው።

ሌሎ ኪሷን በመዳፏ አፍና መጣች።
ፋብሪካው ሲዘጋ ከሥራ የወጡ
ሠላሳ ስምንት ሸማኔ ሴቶች
ከአውራ ጣት በማይበልጥ ዕቃ ውስጥ ድምፃቸው አለ።
አንዷ ለአንድ ሰዓት ዝም ብላ ተቀምጣ
በመጨረሻ «ይሄንንም ጻፊው» አለቻት።

አይጋር ብቻ ነው ባዶ እጁን የወጣ።
የሱ ሥራ ብርድ ነው፤ ከዚህ ውርጭ የባሰ፣
በብረት ጋን ውስጥ በስድስት ወር የደረሰ።
ብርድ ደግሞ አይታቀፍ። «ይሞቅብኛል!» እያለ
በዚያ ሁሉ በረዶ ግንባሩ በላብ ራሰ።

ሽማግሌው ሂላር ከሁሉ ኋላ ደረሰ፣
ሁለት አሮጊቶች ብቻ የሚናገሩትን ልሳን
በካርድ በካርድ ጽፎ፣ ሞልቶት በጫማ ካርቶን።
ደረጃው ላይ አዳለጠው። ካርቶኑ ተከፈተ።
ነፋስ መጣ።

አንድ ቋንቋ ሙሉ ግቢው ላይ ተበተነ።

ኢምቢ በአንድ እጇ ሣጥን፣ በሌላው ግስ ለቀመች፤
አይጋር ተንበርክኮ ቅጽል ከበረዶ አወጣ፤
ካውፖ በካልሲው አጥር ዘለለ፣ ለአንድ ስም ብሎ።

ሂላር አንዱን ካርድ በባትሪዬ ብርሃን አነበበ፦
«ይህ ቃል ሁለት ፍቺ አለው፤ አንዱ ዕዳ፣ አንዱ ፈትል።»
«ዕዳ ነው የቀደመው» አለ ካውፖ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።
«የለም፣ ፈትል ነው» አለች ኢምቢ።
ሌሎ ግን ቀስ ብላ፦
«ከሴቶቼ አንዷ ‹ያልጨረስሁት ጨርቅ አለብኝ› ብላኛለች።
አለብኝ ነው ያለችው። ልክ እንደ ብድር።»

ይኼኔ ራግኔ ከአምስተኛው ፎቅ ወረደች፤
የሒሳብ ሰው ናት። የከሰለ ዳቦ ይዛለች።
«እሳቱ እኔ ነኝ» አለች።
«አንድ እርምጃ ሲቀረኝ ዳቦውን ረሳሁት።»
«እርምጃውስ?» አሏት።
«እሱንም ረሳሁት።»

ሊስቁ ሲሉ ሌሎ ወደ እኔ ዞረች፦
«አንተስ ቬሎ፣ ምን ይዘህ ወጣህ?» አለች።
እጄን ባየው ደብተር ነው፣ ሳላውቅ የጨበጥሁት፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት የጻፍሁት፦
የትኛው መስኮት በስንት ሰዓት እንደጠፋ፣
መብራት ማምሸቱ ተስፋ ነው ወይስ ሰው ሲከፋ?

ማንም አልሳቀም።
ራግኔ ዳቦዋን በጥፍሯ እየፋቀች
«ሰኔ ላይስ፣ ሳይመሽ? እንዴት ነው የቆጠርኸው?» አለች።

ይህን አስቤው አላውቅም።

ገቡ፣ በየበራቸው። ሂላር ካርዶቹን ቆጠረ፣
ሦስት ጎደሉት፤ ጎህ ሲቀድ እንፈልጋለን ተባባልን።
ቁልፎቼን እያቃጨልሁ ፎቅ ለፎቅ ዞርሁ፤
እስኪነጋ ድረስ አንድም መስኮት አልጠፋ።
ጻፍሁት። ከጎኑም፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ «ሰኔ» አልሁ።

ካፖርቴ ግን አሁንም አይዘጋም፤ ቁልፉ ጠፍቶ።