ጎን የሌለው አዳራሽ

ባንዲራው በወጣ በሦስተኛው ሳምንት
ቶአቱ አስጠራኝ ከታንኳ መሥሪያ ቤት።
«ወንበር ሥራ» አለኝ፣ «ለምክር ቤታችን፤
ክብ ይሁን ዙሪያውን፣ ጎን አይኑር መሃላችን።
ፓርቲ መጋዝ ነው፤ አገር ግን ግንድ ናት፤
አንዴ ከተሰነጠቀች ማን ሊገጥማት?»

የኮኮነት እንጨት ጠርቤ፣ አለስልሼ፣
በአሸዋ ፈትጌ፣ በዘይት አብሼ፣
ሃያ አንድ ወንበር በቀለበት ተከልሁ፤
እኔም አምኜው ነበርሁ።
ደግ ሰው ነበረ፤ መዳፉን ገመድ
የበላው ዓሣ አጥማጅ፣ ንግግሩ የማይከብድ።

አንድ ቀን ኢዮቴባ ስለ ፎስፌት ውሉ
«እኔ አልስማማም» ቢል፣ ዞሩበት በሙሉ።
ቆሞ ዙሪያውን ቃኘ፤ ሁሉም ፊት ለፊቱ፤
የሚጠጋበት ጎን አልነበረው ቤቱ።
ወጥቶ ሄደ። ውሉም ጸደቀ በአንድ ቃል፤
ወንበሩ እስከ ዛሬ ባዶውን ይኖራል።

ያን ማታ ከታንኳዬ አጠገብ ተቀምጬ
የአባቴን ሙያ አየሁ፣ ዓይኔን ገልጬ።
የደሴታችን ታንኳ ብቻውን አይሄድም፤
ከጎኑ ግንድ ካልታሰረ ማዕበል አይችልም።
ግንዱ ራቅ ብሎ ይንሳፈፋል፣
ይንቋቋል፣ ወደ ኋላ ይስባል፤
ቀዛፊው ሁሉ ይረግመዋል።
ማንም ግን አይቆርጠውም።

ይህን ለቶአቱ ልነግረው ተነሣሁ፤
ደጁ ደረስሁ፣
የወንበሮቹን ዋጋ ቆጥሬ ወሰድሁ፣
ዝም አልሁ።