ስድስት ዙር ሲቀረው

ማቀዝቀዣ ከፍቼ ዓሣ ስፈልግ፣
የማወጣው ሱፍ ነው ከከረጢት ጥግ።
«ብል እንዳይበላው ነው» ትላለች ሁልዳ፤
ዓሣው ደጅ ያድራል፣ እንዳልተጠራ እንግዳ።

በገንዳው ግራጫ፣ ከፒያኖው ስር ጥቁር፣
ካልጋችን በታች ቀለም ያልነካው ጠጉር።
«ለየትኛው ሹራብ?» ብዬ ጠየቅኋት አንዴ፤
«ገና አልተወለደም» አለችኝ በዘዴ።

በመብራት ደረሰኝ ጀርባ ላይ፣ በእርሳስ
ማዕበል ትነድፋለች፣ ቀጥላም ንፋስ።
ንፋስ በምን ይሣላል?
ስድስት ነጭ ቀለበት፣ አንድ መዝለል፣ ሁለት ሰማያዊ።

እኔ መረብ ጠጋኝ ነኝ፤ ቀዳዳ ማለት ለኔ
ዓሣ የሚያመልጥበት የወደብ ኩነኔ፤
እሷ ግን ቀዳዳን አስባ ትተዋለች፣
«በዚህ ነው ሰው አንገቱን የሚያወጣው» ትላለች።

ያ ዝገት መሳይ ክር፣ በድንጋይ ሽበት የቀለመው፣
የባልቴት ቶርገርዱር የመጨረሻ ድስት ነው፤
በመስከረም ሞተች። ለአንገቱ ስድስት ዙር ሲቀረው
አለቀ።
አኩሬይሪ ድረስ ነዳን፤ በየሱቁ ቀለም
የሚመስለው ሞልቷል፣ እሱን የሆነ የለም።

ሁልዳ የሱፏን ክምር ገለበጠች፣ ዝም አለች፤
ቀጥላ እኔን አየች።
የለበስኩት ሹራብ፣ የመጀመሪያ ንድፏ፣ ሃያ ክረምት ያለፈው፣
እጅጌው ዳር ላይ ያው ቀለም ነው።
ክንዴን ዘረጋሁ። እንደ ተረት ተረተረችው፣
ከእጄ አንጓ ጀምራ እስከ ክርኔ አደረሰችው፤
የሃያ ዓመት ዓሣ ሸተተ ቤቱ፣
ስድስቱ ዙር ሞላ፣ ተቋጨ አንገቱ።

«ሲግቫልዲ፣ እጅጌህን ምን በላው?» ሲሉኝ ጓዶቼ፣
«ውል አለብኝ» አልኳቸው፣ መረቤን አንስቼ።