የረጠበ ሽፋን

ሠላሳ አንድ ዓመት የባቱሚን ዝናብ በብልቃጥ ለክቼ፣
ማለዳ ተነሥቼ፣ ቦቴን ተጫምቼ፣
ሌሊቱን የጣለውን በእርሳስ መዝግቤ፣
ከቁጥሩም ጎን ለጎን የሰፈሩን ጉድ ከትቤ፣
ጡረታ ወጥቼ ደብተሩን ብገልጠው
መጽሐፍ ሆኖ ቆየኝ፣ ስሙን እንድሰጠው።
«የዝናብ መዝገብ» አልሁት።

ገጹን ራሴ ደረደርኩ፤ አራሚም፣ አሳታሚም እኔው ነኝ፤
ሁሉን ተወጥቼ ሽፋን ላይ ቸገረኝ።

የናቴላ ልጅ ባቻና፣ ሥዕል የተማረው፣
ሻዩን ሳይጨርስ ነው ዋጋውን የጠራው፦
«ሦስት መቶ ላሪ። ያውም ለእርስዎ ስለሆነ።»
ቦርሳዬን ከፈትኩ፤ አርባ አምስት ላሪ፣ ከመብራት ክፍያ የዳነ።
አፍሮ ስልኩን አወጣ፤ «በነጻም ይገኛል፤
ዝናብ ብለው ይጻፉ፣ ሥዕሉ ይጎርፋል።»

ጎረፈልን እውነትም፤ አንዲት ሴት መረጥን፣
በቀይ ጃንጥላ ሥር ጀርባዋን የሰጠችን።
በማግስቱ መጻሕፍት ቤት ጎራ ብል፣ ይቺው ሴት
ቆማለች በሦስት ልብ ወለድ ላይ፣ ደግሞም ስለ ጉልበት
ሕመም በሚመክር መጽሐፍ ፊት።
ምነው፣ መቼ ትገባ ይሆን ቤት?
ደግሞስ ከጥቁር ባሕር ነፋሱ ሲነሣ
እዚህ አገር ጃንጥላ ወዲያው ነው የዶሮ ሬሳ።

ራሴ ልሞክር አልኩ። ፊደሉን በወርቅ ብቀባው
የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ። ጥላ ብጨምርበት
የመቃብር ድንጋይ። ስሜን ባጎላው ደግሞ
ለከንቲባነት የምወዳደር መሰልኩ።

አታሚው አቭታንዲል በማስመሪያ ለክቶ፦
«ጀርባው ስድስት ሚሊሜትር ነው፤ ስም አይገባም ከቶ።»
ስድስት ሚሊሜትር! እሱ ምን ያውቃል፤
ለእኔ የአንድ ከሰዓት ካፊያ ነው፣ ስንት ጽጌረዳ ያጠጣል።

ከጓዳው ግን አወጣልኝ ግራጫ ካርቶን፣
የከሠረ የመንደሪን ጭማቂ ፋብሪካ አዝዞ የተወውን፤
ሁለት መቶ ሉክ፣ በሃያ ላሪ።
በአሥራ አራት የእንጨት ማኅተም፣
በስድስት ሰማያዊ ቀለም፤
አምስት ላሪ ተረፈኝ፣ ለዳቦ።
ሲመሽ ጀመርኩ፤ ሁለት መቶ ጊዜ «የዝናብ መዝገብ» ስል፣
ስመታ፣ ሳነሣ፣ ክንዴ እስኪዝል፣
በረንዳው ላይ አሰጣሁትና ተኛሁ።

ሰማዩን አላየሁም።
ሠላሳ አንድ ዓመት ያየሁት ይበቃኛል ብዬ።

ሲነጋ ቀለሙ ከየፊደሉ ቁልቁል ወርዶ፣
አንዱ እንደ ዛፍ ሥር፣ አንዱ እንደ ሽማግሌ ጢም፣
አንዱ እንደ መጋረጃ ተቀድዶ፣
ሁለት የሚመሳሰል የለም።
ቁጭ አልኩ እርጥቡ ወለል ላይ። ልሳደብ ነበር።
እጄ ግን ልማዱን አልተወም፤
ከመሥሪያ ቤት ሰርቄ ያመጣሁትን ብልቃጥ
ከአበባው ማሰሮ ጎን አንሥቶ አነበበ፤
አሥራ አንድ ሚሊሜትር።
በገመድ አንጠልጥዬ፣ ምድጃ ለኩሼ፣ ሲደርቁ
ከእያንዳንዱ ሽፋን ኋላ በእርሳስ ጻፍኩት፤
ቀኑንም።
አቭታንዲል አይቶ ዝም አለ፤ ከዚያ ሙጫውን አሞቀ።

ቅዳሜ ከወደቡ ገበያ፣ በአይብና በዓሣ መሃል፣
ጠረጴዛ ዘረጋሁ። ላማራ የምትባል
ዓሣ ሻጭ፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣
አንዱን አነሣች፤ ገለበጠች፤ አሸተተች፤
«ይሄ እኮ ረጥቧል፤
ቀንሺልኝ እንጂ።»

ሁለት ላሪ ቀነስኩላት።
ምን ልከራከር? ረጥቧል።